አርባ ሦስት ስም



የዚህ ምሽት አዘጋጆች ወጣቶችን ማገልገል በረጅም ጊዜ ስለሚያስገኘው ፍሬ እንድናገር ሲጋብዙኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጽሑፍ ለማዘጋጀት ታገልኩ። አልሆነልኝም። በመጨረሻ ይህን ደብተር ይዤ መጣሁ። ከኋላ ያላችሁ ላይታያችሁ ይችላል፤ ሽፋኑ ላይ «የሕፃናት ክፍል የስም መጥሪያ፣ 1981 ዓ.ም.» ይላል። ጽሕፈቱ የኔ ነው። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ጽሕፈቴም ከዛሬው ያምር ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ የእናቴን ዕቃ ስናወጣ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ ካርቶን ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘሁት።

ውስጡ አርባ ሦስት ስም አለ። ከሰባት እስከ ዐሥራ አራት ዓመት የሆኑ ልጆች ናቸው። የመጣ ልጅ በሰማያዊ እስክሪብቶ ምልክት ይደረግለታል፣ የቀረ በቀይ «ቀ» ይጻፍበታል። መስከረም ላይ ገጹ ሰማያዊ ነው። ጥር ላይ ይደባለቃል። ሐምሌ ላይ ስትደርሱ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ይመስላል። በመጨረሻው ገጽ ለሥራ አመራሩ ያቀረብኩት የሪፖርት ረቂቅ አለ፤ ከነስርዝ ድልዙ ላንብብላችሁ። «በዓመቱ መጨረሻ በመከታተል ላይ ያሉ 17። ክፍሉ ተዳክሟል። በመጪው ዓመት መቀጠሉ ይታሰብበት።» ፊርማ፣ የኔው።

«ይታሰብበት» ማለት ምን እንደሆነ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግን እናውቃለን። ይዘጋ ማለት ነው።

ደብተሩን ካገኘሁ በኋላ አንድ ሥራ ያዝኩ፤ ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ አያጣም። አርባ ሦስቱን መፈለግ ጀመርኩ። ሰፈሩ በፈረሰ ማግሥት የሰፈር ልጅ መፈለግ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ አትጠይቁኝ። አንዱ አያት፣ ሌላው ጀሞ፣ ሌላዋ ቱሉ ዲምቱ፣ የቀረው ባሕር ማዶ ነው። ቢሆንም ከእድር ዝርዝር፣ ከቴሌግራም፣ ከለቅሶ ቤት እየለቃቀምኩ የሠላሳ ሁለቱን መጨረሻ ለማወቅ ችያለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ያገኘሁትን ነው። የእሑዱ ቆጠራ ምን ያህል እንዳታለለኝም አብሬ እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ዘመኑን ላላያችሁት ትንሽ ልበል። 1981 ማለት ደርግ በመጨረሻው ዋዜማ ላይ ያለበት ጊዜ ነው። ቤተ ክርስቲያን አልተዘጋም፣ ቅዳሴ ይቀደሳል። ግን እሑድ ጠዋት ቀበሌ የወጣቶች ማኅበር ስብሰባ ይጠራል፤ ስም የሚጠራውም ልክ እኛ ስም በምንጠራበት ሰዓት ነው። ነጠላ አጣፍቶ ወደ ደብር የሚሄድ ጎረምሳ ሁለት ጊዜ ይታሰብበታል፤ አንድ ጊዜ ስለ ስብሰባው፣ አንድ ጊዜ ስለ ብሔራዊ ውትድርናው። ስለዚህ ታላላቆቹ ሲሳሱ እኛ ታናናሾቹን ያዝን። መማሪያችን ከቤተልሔሙ ጎን ያለች የቆርቆሮ ክፍል ነበረች፤ የመገበሪያው ሽታ በግድግዳው ቀዳዳ እየገባ ባዶ ሆዳቸውን የመጡትን ልጆች ይፈትናቸዋል። ወንበር የለም፣ ሦስት አግዳሚ አለ። የደብሩ ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ ልጆቹ ግቢውን ስለሚረብሹ አይወዱንም ነበር። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይሉ ነበር፣ እየሰማናቸው።

በዚያው ዓመታት ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር አንድ ሰው የኛን ዓይነት ሥራ በሰፊው ይሠሩ ነበር። አብዛኞቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ የሸዋው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ጎርጎርዮስ ናቸው። በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም አሳዳጊ ያጡ ልጆችን ያሳድጋሉ፣ ካህናትን ያሠለጥናሉ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሰብስበው ያስተምራሉ። በዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰብስቦ ሃይማኖት ማስተማር ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ተማሪ ከተባለ ሌኒንን ማንበብ አለበት፤ እሳቸው ግን ድርሳንና የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ያስነብቡታል።

ሐምሌ 22 ቀን 1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ አረፉ። ያን ቀን አንድ ሰው የሥራቸውን ውጤት ቆጥሮ ሪፖርት ጻፍ ቢባል ምን ይጽፍ ነበር? አንድ የገጠር ገዳም፣ ጥቂት ሕፃናት፣ በየክረምቱ መጥተው የሚበተኑ ተማሪዎች። «ይታሰብበት» ይል ነበር፣ እንደኔ። በዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለውትድርና ሥልጠና ብላቴ ተላኩ፤ በዝዋይና በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የተማሩት እዚያ ካምፕ ውስጥ ተገናኙ፣ በአንድነት መጸለይ ጀመሩ። መንግሥት ወደቀ፣ ካምፑ ተበተነ፣ ስብስቡ ግን አልተበተነም። በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ተባለ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ጉባኤ አለ። ስለ ማኅበሩ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ልዩ ልዩ አስተያየት እንዳለ አውቃለሁ፤ የዛሬው ጉዳዬ እሱ አይደለም። ጉዳዬ አቡኑ ይህን ሁሉ ሳያዩ ማረፋቸው ነው።

እኔ ከእሳቸው ጋር የምወዳደር ሰው አይደለሁም። ግን ዕድሜ ስለተሰጠኝ እሳቸው ያላዩትን ዓይነት ነገር በትንሹ አይቻለሁ። ወደ ደብተሩ ልመለስ።

ተራ ቁጥር ዐሥራ ሁለት ላይ ያለው ልጅ እናቱ ጠላ ሻጭ ነበረች። የሕፃናት ክፍሉ የራሱ ገንዘብ ያዥ ይኑረው ብለን ስንመርጥ ልጁ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። መዋጮው በየሳምንቱ ዐሥር ሳንቲም ነው። ገቢ በግራ፣ ወጪ በቀኝ የሚጻፍባት ግማሽ ደብተር ሰጠነው። አንድ እሑድ ሠላሳ አምስት ሳንቲም ጎደለ። እመኑኝ፣ ለሠላሳ አምስት ሳንቲም ሁለት ሰዓት ተሰብስበናል። ቃለ ጉባኤ ተይዟል። ልጁ አለቀሰ፣ እናቱ ተጠርታ መጣች፣ እኔ ስለ ይሁዳና ስለ ከረጢቱ ሳይቀር ተናገርኩ። በኋላ ስንደምር የተሳሳትኩት እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ይቅርታ የጠየቅሁት ለብቻው ጠርቼ ነው፤ ስከስሰው ግን በሰው ፊት ነበር። ያ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ያ ልጅ ዛሬ የእድራችን ሒሳብ ሹም ነው። ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ሲባል እድሩ ውስጥ ምን ዓይነት ጭቅጭቅ እንደተነሣ መገመት ትችላላችሁ። ገንዘቡን እንከፋፈል የሚል አለ፣ እድሩ ይቀጥል የሚል አለ፣ ድንኳኑና ብረት ድስቱ የት ይቀመጣል የሚል አለ። ሦስት ቅዳሜ ተጨቃጭቀናል። በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ማንም፣ አንድም ሰው፣ «ሒሳቡ ትክክል ነው ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። ሰውዬው የብዙ ዓመት መዝገብ በማዳበሪያ ተሸክሞ መጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦት ነበር። የከፈተውም የለም። እድሩ ቀጠለ፤ ዛሬ ከአያትና ከጀሞ በአውቶቡስ እየተሰበሰብን እንቀባበራለን።

ማል ብትሉኝ ይህ የሰንበት ትምህርት ቤት ፍሬ ነው ብዬ መሐላ አልገባም። እናቱም ጨዋ ሴት ነበረች። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። በዶሮ ማነቂያ ለአንድ የጠላ ሻጭ ልጅ በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ደረሰኝ መቁረጥ፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍ፣ እጅ አውጥቶ ዕድል መጠየቅ፣ በድምፅ ብልጫ ተሸንፎ ሳያኮርፍ መቀመጥ ያስተማረው ሌላ ቦታ አልነበረም። ማኅተም ያለው መሥሪያ ቤት ገብቶ ለማያውቅ ልጅ፣ የሕፃናት ክፍሉ የራሱ ማኅተም ነበረው። ስለ ሰንበት ትምህርት ቤት ስናወራ መዝሙሩንና ትምህርቱን እናነሣለን፤ ትክክል ነው፣ ዋናው እሱ ነው። ንዑስ ክፍሎቹ፣ ምርጫው፣ መዋጮው፣ የጉዞው አውቶቡስ ኪራይ፣ ያ ሁሉ አሰልቺ ስብሰባ ሰፈርን የሚሸከም ሰው ያወጣል ብለን ግን አስበን አናውቅም ነበር። እኛ የምንሠራው መዘምራን ብቻ ይመስለን ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ተራ ቁጥር ሃያ ስድስት። ስሙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር ተሰምሮበታል፤ ጎኑ ላይ «ተሰናብቷል» የሚል አለ። ዐሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ሲጋራ ሲያጨስ ታየ ተባለ። በሁሉ ፊት አስቆምኩት፣ ስሙን ሰረዝኩ፣ ሂድ አልኩት። ሄደ። ተመልሶ የዚያችን የቆርቆሮ ክፍል ደጅ አልረገጠም። ወያላ ሆነ፣ በኋላ ሚኒባስ ነጂ ሆነ።

በ2000ዎቹ ውስጥ ጥምቀት ሲደርስ የየሰፈሩ ልጆች አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው ታቦቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ቀይ ምንጣፍ እየጠቀለሉ እያነጠፉ እስከ ጃንሜዳ መሄድ ጀመሩ። ታስታውሳላችሁ። አስፋልት ይጠርጋሉ፣ ሰንደቅ ይሰቅላሉ፣ ለምእመኑ ውኃ ያድላሉ። የኛን ሰፈር ምንጣፍ አንጣፊዎች ያደራጀው ማን መሰላችሁ? ያ ሃያ ስድስተኛው ነው። እኛ የሰንበት ትምህርት ቤቶቹ፣ እውነት እንነጋገር ካልን፣ በንቀት ነበር የምናያቸው። «ትምህርት የላቸውም፣ ማታ መጠጥ ቤት ይገባሉ፣ ለዓመት አንድ ቀን ነው» እንል ነበር። አንዳንዱ እውነት ነበረው። ግን ከክፍላችን ያልገጠመውን፣ ያባረርነውን፣ አግዳሚ ላይ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ያልቻለውን ልጅ ሁሉ እሱ ሰብስቦት ነበር።

የእናቴን ቁም ሣጥን ከፎቁ ተሸክሞ ያወረደልኝ እሱ ነው። ደብተሩን ያየሁት እሱ አጠገቤ ቆሞ ነው። ገጹን ገልጬ ቀዩን መስመር አሳየሁትና «ይቅር በለኝ» አልኩት። ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ያኔ እኮ ባታባርረኝም እቀር ነበር። እሑድ እሑድ መኪና ማጠብ ጀምሬ ነበር» አለኝ።

ይህን ስሰማ ቁም ሣጥኑ እላዬ ላይ የወደቀ መሰለኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ በጥፋተኝነት የተሸከምኩት ነገር ጥፋቱ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ጥፋቴ ማባረሬ ብቻ አልነበረም። ልጁ እሑድ እሑድ ምን እየሠራ እንደሚበላ አለማወቄ ነበር። አባቱ እስር ቤት እንደነበረ የሰማሁት በዚያው ቀን ነው።

ይህን ቀድመው የጠየቁ ሰዎች ነበሩ። የሰንበት ትምህርት ቤት የሚባለውን ነገር በእንግሊዝ አገር ያስፋፋው ሮበርት ሬክስ የጋዜጣ ባለቤት ነበር። በ1780 እ.ኤ.አ. ግሎስተር በምትባል ከተማ ሥራውን ሲጀምር መነሻው የልጆች የሥራ ቀን ነው፤ በዚያች ከተማ ልጆች ስድስት ቀን በስፒል ፋብሪካ ይውላሉ፣ ነጻ የሆኑት እሑድ ብቻ ነው። ስለዚህ እሑድ ማንበብ አስተማራቸው። በ1831 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ በየሳምንቱ 1 ሚሊዮን 250 ሺህ ያህል ልጆች በሰንበት ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። ጣልያናዊው ቄስ ዶን ቦስኮም በ1841 እ.ኤ.አ. ቶሪኖ ውስጥ ከገጠር የመጡ የግንበኛ ረዳት ልጆችን መሰብሰብ ሲጀምር በጸሎትና በጨዋታ አልተወሰነም። ልጆቹን ሥራ ከሚያስተምሯቸው ባለሙያዎች ጋር በጽሑፍ ውል አዋዋላቸው፤ በ1852 እ.ኤ.አ. ለአንድ አናጺ ተለማማጅ የተፈረመ ውል አለ። ጌታው ልጁን በቃል እንጂ በዱላ እንዳይቀጣው፣ ከሙያው ውጭ እንዳያሠራው፣ በበዓል ቀን እንዲያሳርፈው ይላል። ቄሱ ራሱም ፈርሞበታል። የሱ ማኅበርተኞች ዛሬ በመቀሌም በዲላም የሙያ ትምህርት ቤት አላቸው። እነዚህ የኛ እምነት ሰዎች አይደሉም። ግን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውን የልጅ ኑሮ ጠይቀዋል፤ እኔ አልጠየቅሁም። የኔ መዝገብ የእሑድ ዓምድ ብቻ ነበረው።

ስለ ሞቱት አጭር ልበል፤ ረጅም መናገር አልችልም። ስድስት ናቸው። ሁለቱ ደብተሩ በተጻፈ በሁለት ዓመት ውስጥ ጦር ሜዳ ቀርተዋል፤ ያኔ ክፍሌ ውስጥ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ብዬ የመዘገብኳቸው ሲታፈሱ ዕድሜያቸውን የጠየቀ አልነበረም። አንዱ ወደ የመን ሲሻገር ባሕር በላው። ሦስቱ ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በለቅሶ ቤት ስሙ በማይጠራው በሽታ። ከሦስቱ አንዷ ብቻዋን ትኖር ነበር። ጎረቤት አንድ ሲኒ መጋራት በሚፈራበት በዚያ ወቅት ገላዋን ያጠቡላት፣ አጥሚት ያጠጧት፣ ተራ ገብተው ያደሩት እዚሁ ደብተር ላይ ያሉ አራት ሴቶች ናቸው። ያኔ ሁለቱ ሰንበት ትምህርት ቤቱን ከተዉ ዓመታት አልፈው ነበር። በኔ መዝገብ «ቀ»፣ «ቀ»፣ «ቀ» የተባሉ ናቸው። ማን ጠራችሁ ብላቸው አንዷ «አብረን መዝሙር ያጠናን አይደለን እንዴ?» አለችኝ፤ የጠየቅኋት ነገር ገርሟት።

ይህን ዓይነቱን ነገር ተመራማሪዎች ለመለካት ሞክረዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. ዪንግ ቼንና ታይለር ቫንደርዊል የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ5,000 በላይ የአሜሪካ ወጣቶችን ከ8 እስከ 14 ዓመት የተከታተለ መረጃ መርምረው አሳትመዋል። በልጅነታቸው ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ አምልኮ ስፍራ ይሄዱ የነበሩት በሃያዎቹ ዕድሜያቸው፣ ጭራሽ ካልሄዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ደስተኛ ነኝ የማለት ዕድላቸው በ18 በመቶ ገደማ፣ በበጎ ፈቃድ የማገልገል ዕድላቸው በ29 በመቶ ከፍ ይላል፤ ዕፅ የመውሰድ ዕድላቸው በ33 በመቶ ይቀንሳል። ጥሩ ነው። ግን እናቶቻቸው ነርሶች የሆኑ፣ አብዛኞቹ ነጭ የሆኑ የአሜሪካ ልጆች ናቸው፤ በቀጥታ ወደ ዶሮ ማነቂያ አምጥቼ ልለጥፈው አልደፍርም። ደግሞም ሌሊት ተራ ገብቶ ማደር በየትኛው መጠይቅ ላይ ይሞላል?

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ልለፈው ብዬ ነበር፤ አልፈውም። ተራ ቁጥር ዘጠኝ። ከአርባ ሦስቱ ውስጥ እንደሷ ያለ ድምፅ የነበረው የለም። ዛሬ የአንድ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን መሪ ናት። ፊታችሁ ሲለወጥ ይታየኛል፤ የኔም እንደዚያ ነበር። ለቅሶ ቤት ነው የተገናኘነው። ተሳሳምን። «የኔታ፣ መዝሙረ ዳዊቱን በቃሌ ያስያዝከኝ እኮ አንተ ነህ፤ አሁን እኔ ልጆቹን አስይዛለሁ» አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አዘንኩ። ደስም አለኝ። ሁለቱን እስከ ዛሬ ማስታረቅ አልቻልኩም። ሠላሳ ሁለት አገኘሁ ስላችሁ ግን እሷን ቆጥሬ ነው።

ባሕር ማዶ ካሉት አንዷን ብቻ ላንሣ። ባለፈው ዓመት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ ጮኸ። በዚያ ሰዓት ስልክ ሲጮኽ የሚመጣው አንድ ነገር ነው፤ ባለቤቴ ሳታበራ «ማን ሞቶ ነው?» አለች። ከዋሽንግተን አካባቢ ነው። ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ። የሰዓት ልዩነቱን ረስታው ነው። እዚያ ባለው አጥቢያቸው የሕፃናት መዝሙር ታስጠናለች። ልጆቹ በአማርኛ ይዘምራሉ፣ በእንግሊዝኛ ይጣላሉ አለችኝ። ግጥሙን በላቲን ፊደል ጽፋ ነው የምትሰጣቸው፤ በዚህም ትናደዳለች። ለበዓለ ልደት የምታስጠናው መዝሙር ሦስተኛው ቤት ጠፋት፤ ኢንተርኔት ላይ ያለው ሌላ ዜማ ነው፣ «እኛ ያጠናነው እሱ አይደለም» አለች። ተነሥቼ የመዝሙር ደብተሬን ፈለግሁ። ማድቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ በሹክሹክታ ዘመርኩላት። በዚያ ጫፍ እስክሪብቶ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። «ቀስ በል፣ ድገመው» ትለኛለች። እኔ በዚያች የቆርቆሮ ክፍል እንደዚያ ስላት እንደነበረው።

መዝገቡ ውስጥ የሷ ረድፍ ከግንቦት ጀምሮ ቀይ ብቻ ነው። የዚያን ዓመት ሪፖርት ስጽፍ ከአሥራ ሰባቱ ውስጥ አልነበረችም።

በየአጥቢያው ልጆች ሰብስባችሁ የምታስተምሩ ወጣት መምህራን፣ እናንተ አሁን የምትሠሩት በሌላ ከተማ ነው። የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንቡ ቃለ ዓዋዲ የሰንበት ትምህርት ቤት አባል ከ4 እስከ 30 ዓመት ነው ይላል። ሠላሳ አንድ ላይ ምን እንደሚደረግ ግን ብዙ አጥቢያ ላይ መልስ የለም፤ ነባር አባል ይባልና ግድግዳ ላይ ፎቶው ይሰቀላል። ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ገብቶ ያንን የተማረውን ሒሳብና ቃለ ጉባኤ እንዲሠራበት መንገድ የሚከፍትለት ጥቂት ነው። በዚህ ላይ ሰፈሩ ራሱ ተበትኗል። እኛ «የሰፈር ልጅ» ስንል ከቧንቧው ወዲህ ያለውን ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ልጅ አምስተኛ ፎቅ ያለውን አያውቀውም። ሥራው ከኛ ይልቅ ይከብዳችኋል ብዬ አምናለሁ፤ ለማጽናናት ብዬ አላቀለውም።

ግን ይህን ልንገራችሁ። ከአርባ ሦስቱ አራቱ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው እዚያ ገብተዋል። አንዱ ጠርቶኝ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ገና መቃኞ ነው። ከመቃኞው ጀርባ በቆርቆሮ የተሠራች ክፍል አለች። አግዳሚ ሦስት። ልጆቹ ከየብሎኩ የመጡ ናቸው፤ ስማቸውን ሲጠይቋቸው የብሎክ ቁጥር አብረው ይናገራሉ። የሚያስተምራቸው ተራ ቁጥር አራት ነው። በልጅነቱ አንድ ቀን እንኳ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ አያውቅም ነበር። የስም መጥሪያውን አሳየኝ። እኔ የጎደለኝን ዓምድ ጨምሮበታል፤ ከስሙ ጎን «ከሰኞ እስከ ዓርብ የት ይውላል» የሚል። እኔ አልነገርኩትም፤ ከራሱ ኑሮ ነው ያወጣው።

ብዙ አወራሁ፣ ይቅርታ። ከመውረዴ በፊት አንድ ጉዳይ አለኝ። ሠላሳ ሁለቱን አግኝቻለሁ ብያችኋለሁ፤ የዐሥራ አንዱን ግን አላገኘሁም። ስማቸውን እዚህ በማይክሮፎን ማንበብ ተገቢ መስሎ ስላልታየኝ ተውኩት። ከናንተ መካከል በ1970ዎቹ መጨረሻ ዶሮ ማነቂያ የኖረ፣ ወይም ከዚያ ሰፈር ጎረቤት የነበረው፣ ወይም አክስቱ እዚያ ጠላ ትሸጥ የነበረ ሰው ካለ ሲወጣ ያናግረኝ። በግራ በኩል ባለው በር፣ ከጫማ ማስቀመጫው አጠገብ ደብተሩን ይዤ እቆማለሁ።